አባቴ ዋስ የሆኑለት ድንኳን

የእድራችን ድንኳን አረንጓዴ ሸራ ነበር። «ነበር» የምለው አሁን የት እንዳለ ስለማላውቅ ነው። ምናልባት ዛሬም የሆነ ቦታ ተተክሎ የሆነ ሰው ንግግር እያደረገበት ይሆናል። ከበሩ በስተግራ እናቴ ከአሮጌ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ቆርጣ የጠገነችው ሰማያዊ ልጥፍ አለው። ልጅ ሳለሁ ለቅሶ ቤት ስንሄድ ያን ልጥፍ ፈልጌ ከሥሩ እቀመጥ ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እኔ ብቻ ቀና ብዬ የገዛ ቀሚሴን ሳይ እናቴ በክርኗ ትጎሽመኛለች።

እድራችን ድንኳኑን የሚመለከቱ ሁለት ግትር ደንቦች አሉት። አንደኛው፣ ድንኳኑ ለሐዘን እንጂ ለደስታ አይወጣም። ሌሎች እድሮች ለሰርግ ያከራያሉ፤ የእኛ ሰፈር ሰው ግን ልጁን የሚድረው በሌላ ሸራ ነው። ሁለተኛው፣ ድንኳኑ ከሰፈር ከወጣ ዋስ ይጠራል። ወረቀት አይጻፍም፤ ዋሱ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ «እኔ አለሁ» ይላል፣ ይበቃል። ድንኳኑ እስኪመለስ ድረስ ግን በዋሱ ቤት ሞት ቢገባ ድንኳን አይተከልለትም፤ ከጎረቤት እድር በውሰት የመጣም ቢሆን። ይህ ደንብ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም ነበር፤ የተዋሰ ሁሉ ይመልስ ነበርና።

ደንቦቹን ያወጡት አባቴ ናቸው። በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ፤ የእድሩም ዳኛ። ደንብ ሲሉ ደንብ ነው። ተማሪዎቻቸው አንድ ዜማ ሲስቱ ከመጀመሪያው እንደሚያስጀምሯቸው፣ እድርተኛውም ስብሰባ ላይ ሲያረፍድ ከበር ቆሞ እንዲጠብቅ ያደርጉ ነበር። እኔ ልጃቸውም በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

አለቃዬን ያወቅሁት አለቃዬ ከመሆኑ በፊት ነው። ለሥራ ከሩቅ አገር መጥቶ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እኔ ተማሪ ነበርሁ፤ ሒሳብ ያስጠናኝ ስለነበር «ጋሼ» እለው ነበር። ለሕክምና ያመጣቸው እናቱ እዚያችው ክፍል ውስጥ አረፉበት። ዘመድ የለው፣ እድር የለው፤ በር ላይ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። አባቴ ሽማግሌዎቹን ጠርተው «እንግዳ ሰው ነው፤ እናቱን በሜዳ ላይ አያስለቅስም» አሏቸውና ድንኳኑን አስተከሉለት። ጉልበቱን አቅፎ ከእኔው ልጥፍ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ አባቴ አጠገቡ ቁጭ ብለው ትከሻውን ሲይዙት ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደኔው «አባባ» ነበር የሚላቸው።

ዓመታት አለፉ። እሱ በሹመት ላይ ሹመት እየጨመረ ወጣ፤ እኔ በጤና ቢሮ የዕቃና የመኪና ስምሪት ክፍል ውስጥ ተቀጠርሁ። አንድ ክረምት በሽታ ሲገባ ግብረ ኃይል ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እሱ ሆነ። ስብሰባ ላይ የበሽታው ስም አተት ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ኮሌራ ይለዋል። በየማለዳው ተሰብስበን የትኛው ሰፈር አዲስ ታማሚ እንዳለ፣ ቦቴው ለየትኛው ውሃ እንደሚያድል፣ ክሎሪን ወዴት እንደሚሄድ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ እንከፋፈላለን። ጁስ ቤቶች ተዘጉ። ሐይቁ ዳር አሳ የሚጠብሱት ሴቶች ምጣዳቸውን ገልብጠው ሲሄዱ በዓይናቸው ሊበሉን ደርሰው ነበር። ወጣቶች በድምፅ ማጉያ «እጃችሁን ታጠቡ» እያሉ ውሃ በሌለበት ሰፈር ይዞራሉ። እኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አንዱን መኪና ለሦስት ቦታ አካፍላለሁ። ውሸት አልናገርም፤ ያን ክረምት ሰው ሠርቷል። አለቃዬም ሠርቷል፤ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ አይቼዋለሁ።

ማከሚያው የተከፈተው ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ታማሚዎቹ ክፍሎቹ ውስጥ ተኙ፤ አስታማሚዎቻቸው ግን አጥሩ ሥር ዝናብ ይመታቸዋል። ከላይ የሚላኩልን ድንኳኖች «መንገድ ላይ ናቸው» ይባላል፤ የትኛው መንገድ ላይ እንደሆኑ የጠየቀ የለም። አንድ ቀን ከስብሰባ ስንወጣ አለቃዬ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«የአባባ እድር ድንኳን አሁንም አለ?»

ለአባቴ ነገርኋቸው።

«ለአስታማሚ መጠለያ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባባ። ዝናቡ ፈጃቸው።»

«በሽተኛ ማስታመም ተሐዘን የራቀ አይዶለም። ይሁን። ዋሱ ማን ነው?»

«እኔ እሆናለሁ።»

«አንች የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ። ነገ ወደ ሌላ አገር ቢያዛውሩሽ ማንን ልንይዝ ነው? ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ፊት ቆመው ይህንኑ ደገሙት።

አለቃዬ ድንኳኑን ለመውሰድ ራሱ መጣ። ከመኪናው ወርዶ በጭቃ ቦት ጫማው ግቢያችን ገባና የአባቴን ጉልበት ሳመ። «አባባ፣ እናቴን ያስለቀስኩበት ድንኳን አይደል እንዴ! በሽታው በቆመ ማግስት አሳጥቤ ራሴ ነኝ የማመጣው። ባላመጣ የእናቴ አጽም ይውጋኝ» አለ። አባቴ «ተው፣ አትማል» ብለው አስነሱት። እኔ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው አለቃዬ በመሆኑ ኮራሁ፤ ልቤ ሙሉ በሙሉ አመነው።

ድንኳኑ ሥራውን ሠራ። ከሰባታሚት በጋሪ የመጡ ገበሬዎች፣ ከደሴት በጀልባ ታማሚ ወንድማቸውን ያመጡ አንድ መነኩሴ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሁሉም እሱ ሥር ተጠልለው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። በዚያ ሳልፍ ልጥፉን በእጄ ነካ አድርጌ ነው የማልፈው። ለአባቴም ማታ ማታ ማን ማን እንደተጠለለበት እነግራቸዋለሁ፤ ለድንኳኑ እንጂ ለእኔ የሚጨነቁ አይመስሉም ነበር።

መስከረም ጠባ፣ ፀሐይ ወጣ፣ በሽታው ቆመ። መንገድ ላይ ነበሩ የተባሉት ድንኳኖች ማከሚያው ሲዘጋ ደረሱ። የእኛን ስጠይቅ «እየታጠበ ነው» አለኝ አለቃዬ። ደግሜ ስጠይቅ «መጋዘን ገብቷል፣ ላስወጣልሽ ነው» አለኝ። አባቴ በየቀኑ «አልደረቀም?» ይሉኛል። እኔም «ሊመጣ ነው» እላለሁ። ለምን አይመጣም? እኔ ማመን አላቆምሁም ነበር።

ከዚያ የምስጋና በዓል ተዘጋጀና ሁላችንም ተጠራን። የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል። ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አበባ ተደርድሯል፤ ለክብር እንግዶቹ የተተከለው ድንኳን በባንዲራ አሸብርቋል። ከበሩ በስተግራ ሰማያዊው ልጥፍ አለ።

መጀመሪያ የማየውን አላመንሁም። ቀርቤ አየሁት፤ የእናቴ ስፌት ነው፤ አረንጓዴ ክር አልቆባት ጫፉን በነጭ የጨረሰችው። ከሥሩ የባህል ቡድኑ እስክስታ ይወርዳል፣ ከበሮ ይመታል፣ እንግዶቹ በጨፋሪዎቹ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋሉ። የስንቱ ሰው ሬሳ የተለቀሰበት፣ የአለቃዬም እናት ስም እየተጠራ የተነባበት ሸራ ነው። እሱ መሐል ቆሞ «ኅብረተሰቡ ከጎናችን ነበር» እያለ ይናገራል። ስሜ ሲጠራ ወጣሁ፤ የምስክር ወረቀት ሰጠኝና ጨበጠኝ። እጁን ሳልለቅ «ጋሼ፣ ይኸ እኮ የእኛ ድንኳን ነው» አልሁት።

ሳቀ። «ዛሬ እንኳ ደስ ይበልሽ እንጂ! ነገ አስጭኜ እልከዋለሁ» ብሎኝ ለፎቶ ዞረ።

ለአባቴ አልዋሸኋቸውም። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «አንችም እዚያው ነበርሽ?» ነበርሁ አልኋቸው። የቀረበላቸውን ምሳ ሳይነኩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የዚያን ቀን በአለቃዬ ላይ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም ላበርደው አልቻልሁም፤ መልሼ ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ መኪናም ድንኳንም አልመጣም። እኔ የመኪና ስምሪት ክፍል ሠራተኛ ነኝና ተከታተልሁት፤ እንግዶች ፏፏቴውን ሊያዩ ስለሆነ ድንኳኑ ለመስተንግዶ ጢስ ዓባይ ሄዷል። የጢስ ዓባዮቹ «መልሰናል» አሉ፤ መጋዘኑ «አልደረሰንም» አለ፤ ሾፌሩ «ያዘዙኝ ቦታ አውርጃለሁ» አለ። አለቃዬ በዚያው ሰሞን ሌላ ትልቅ ቢሮ ተሾመ። ስልክ ስደውልለት «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ይመጣልኛል። ሲቆይ እሱም ቀረ።

አባቴ ራሳቸው አዲሱ ቢሮው ድረስ ሊያነጋግሩት ሄዱ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቁ። ፀሐፊዋ «ወጥተዋል» ስትላቸው በመስኮቱ መኪናው ከግቢ ሲወጣ እያዩ ነበር። ቤት ሲመጡ «ሥራ በዝቶበት ነው፤ ምን ያድርግ» አሉ። ከሁሉ ይህ ነው ያንገበገበኝ። ቢሰድቡት፣ ቢረግሙት ይቀለኝ ነበር።

እድርተኛው አልተቀየማቸውም። ሽማግሌዎቹ «መሪጌታ፣ ሸራ ነው፤ አዋጥተን እንገዛለን፤ እርስዎ ምን አደረጉ?» አሏቸው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ከጎረቤት እድር ድንኳን እየተዋስን አለፍን። አባቴ ግን «ሸራውማ ይገዛል። ዋስ ነኝ ያልሁት ምን ይሁን? እኔ ቤት ሞት ሲገባ ድንኳን አትተክሉም። ለሌላው ደንብ ሆኖ ለእኔ የሚቀር አይዶለም» አሉ። እኛ ሳቅን፤ ደህና ነበሩና። ለነገሩ አንድ ቀን ድንኳኑ ከበር ይደርሳል ብዬ የማስበው እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ እሳቸውም ይጠብቁ ነበር። የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ከመደባቸው ቀና ይሉ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ ሲጠነክር፣ አባቴ አረፉ። ልባቸው ደክሞ ነው። የእድሩ ሰዎች የተዋሱትን ድንኳን በጋሪ አስጭነው ወደ ግቢያችን አመጡ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች።

«መልሱት።»

«ኧረ እሜቴ፣ ዝናብ ነው! እሳቸውስ ቢሆኑ...»

«ያሉትን ሰምታችኋል። በቁማቸው ያላፈረሱትን ሲሞቱ አላፈርስባቸውም። መልሱት።»

ጋሪው ተመለሰ። ከቀብር ስንመለስ የሰፈሩ ሰው ግቢያችን ውስጥ በአግዳሚዎች ላይ በሜዳ ተቀመጠ። ዝናቡ አላረፈም። ሰው በዣንጥላ፣ በላስቲክ፣ በጋቢ ተጀቡኖ ተቀመጠ እንጂ አንድም ሰው አልሄደም። ተማሪዎቻቸው ቆመው ሲያዜሙ ውሃው በጥምጥማቸው ላይ ይወርዳል። ንፍሮው በየሳህኑ ውሃ ገባበት። አባቴን ያህል ሰው እንዲህ በሜዳ ሲለቀስላቸው ሳይ፣ ሞታቸው ራሱ ሳይሆን ይህ ነው ያስጮኸኝ።

ያኔ ሁለት መኪና በር ላይ ቆመ። አለቃዬ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ አንድ ሰው ዣንጥላ ይዞለት ገባ። ሰው ተጠጋጋለት፤ እናቴና እኔ መሐል ተቀመጠ። «አባባ፣ አባባ» እያለ አለቀሰ፤ የውሸት አልነበረም፤ እንባውን አይቻለሁ። ዓመት ሙሉ ሳገኘው ልናገረው ያሰብሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። ሲያለቅስ ሳየው ግን፣ ምናልባት አሁን ይናገር ይሆናል፣ አሁን ይቅርታ ይል ይሆናል ብዬ ጠበቅሁት።

እንባውን በመሐረብ ጠረገና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

«ውይ፣ በዚህ ዝናብ! እድራችሁ ድንኳን የለውም እንዴ?» አለ።

ፊቱን አየሁት፤ ማስመሰል አልነበረበትም። ከልቡ ነበር የሚጠይቀው።

«ነበረው» አለችው እናቴ፤ የንፍሮውን ሳህንም አቀረበችለት።

ዘግኖ በላ።