በራይን ዳር ግንብ የቀረበ ሽሮ

ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ፣ ሰኞ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ተነሣሁ። ብራስልስ ውስጥ ለሦስት ሳምንት የሚሰጥ የካርታ ሥራ ሥልጠና ደርሶኝ ነበር፤ እሱ ሲያልቅ አንድ ሳምንት በባቡር ልዞር አስቤያለሁ። በሐሳቤ ግን ሌላም ነገር ይዤ ነበር የሄድኩት። በጂኦግራፊ ተመርቄ ዩኒቨርሲቲው በሠራተኝነት ሲያስቀረኝ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁለት ምርጫ ሰጥተውኛል፤ ወይ አንደኛ ዓመቶችን ማስተማር፣ ወይ ካርታ ክፍል ገብቼ ኮምፒውተር ላይ መሥራት። ስመለስ ቁርጡን እንድነግራቸው አዘውኛል። ማስተማር እፈልጋለሁ። ሰው ፊት ስቆም ግን ድምፄ ይጠፋል። የመመረቂያ ጥናቴን ሳቀርብ እንኳ ከመሃል አቋርጬ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ልቤ ወደ ኮምፒውተሩ አድልቶ ነበር።

የፍልሰታ ጾም እዚያ ስለሚይዘኝ እናቴ የቦርሳዬን ግማሽ በሽሮና በበርበሬ ሞላችው።

"ኧረ እማዬ፣ እዚያም ምግብ አለ" አልኳት።

"ይኑራቸዋ። ሽሮ ግን አታገኚም።"

ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ነበር። ከድልድዩ ላይ ወንዙ ደፍርሶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እየተንከባለለ ሲሄድ አየሁት። ዳርና ዳሩ ላይ ከድንጋይና ከግራር በቀር ምንም የለም።

ባቡር ላይ

ሥልጠናው አልቆ ብራስልስ ጣቢያ የቆምኩ ዕለት ጀርባዬ ላይ ከወንድሜ የተዋስኩት ትልቅ ቦርሳ ነበር። እስከዚያ ድረስ ባቡር የማውቀው በፊልም ነው። መነሣታችንን ያወቅኩት የጣቢያው ምሰሶዎች ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምሩ ነው። ከደብረ ማርቆስ ደጀን በሚያደርስ ዋጋ የገዛሁት የጠርሙስ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ነቅነቅ አላለም።

ፓሪስ አድሬ ወደ ስትራስቡርግ ስሄድ የስንዴው ማሳ ማለቂያ አልነበረውም። መሃሉ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ትልቅ ማሽን ላይ ተቀምጦ ያጭዳል። እኛ አገር፣ አምበር የሚኖረው አጎቴ ስንዴ ሲያሳጭድ ደቦው፣ ጠላው፣ ዘፈኑ፣ መበሻሸቁ ሌላ ነው። ይህ ሰው ምሳውን ከማን ጋር ይበላ ይሆን እያልኩ እስኪሰወርብኝ ድረስ አየሁት።

ከስትራስቡርግ ተነሥተን ትልቅ ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ፓስፖርቴን አውጥቼ ኬላ እጠብቅ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝና ሳቁ። ወንዙ ራይን ነው፤ ከፈረንሳይ ወጥተን ጀርመን ከገባን ቆይተናል አሉኝ። አገር እንዲህ በዝምታ ይታለፋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግንቡ

ያደርኩበት፣ ዛሬ የመንገደኞች ማደሪያ ሆስቴል የሆነው ጥንታዊ ግንብ ራይን ዳር ካለች ትንሽ ከተማ በላይ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የጎንደርን ግንብ በተማሪነቴ አይቻለሁ፤ ያን ግን ጎብኝተን ወጣን። እዚህ በበሩ ገብቼ ቁልፍ ተሰጠኝ፤ ማማው ውስጥ ተደራራቢ አልጋ፣ ነጭ አንሶላ። በጠባቧ መስኮት ቁልቁል ስመለከት ወንዙ መርከብ ተሸክሞ ይሄዳል፤ በግራም በቀኝም ባቡር ይሮጣል፤ ተዳፋቱ ሁሉ ወይን ነው። ቦርሳዬን ሳላወርድ ብዙ ቆምኩ። ወንዝ እንዲህ ሊያገለግል እንደሚችል በመጽሐፍ ተምሬዋለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበርና ሲመሽ ወጥ ቤት ወረድኩ። እንግዳው ሁሉ የየራሱን ትንሽ ድስት ጥዶ ያበስላል። እኔም ሽሮዬን በለመድኩት እፍኝ እየዘገንኩ ጨመርኩ። ሲንተከተክ ነው የነቃሁት። ለቤተሰብ የሚበቃ ሠርቻለሁ። ለአንድ ሰው ሠርቼ አላውቅማ።

ድስቱንና ዳቦዬን ይዤ ረጅሙ አዳራሽ ገባሁ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሁሉም ጀርባ ለጀርባ ይበላል። ዳቦ ቆረስኩ፤ ወደ አፌ ግን አልሄድ አለኝ። ይህ ሁሉ ሰው እያለ ብቻዬን እንዴት ልብላ? እንዳልጋብዛቸው ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ትቼው ወደ ማማው ልወጣ ተነሣሁና፣ እንደቆምኩ፣ "እንብላ!" አልኩ። በአማርኛ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የሆስቴሉ ኃላፊ ሄልጋ፣ ሽበታም ረጅም ሴት ናቸው፣ ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ።

"እኛ አገር ሰው እያለ ብቻ አይበላም" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ብዙ ሠርቻለሁ። እባካችሁ ኑ።"

መጀመሪያ የተነሣችው ሚና የምትባል ኮሪያዊት ናት፤ ሳህኗን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። የጾም ምግብ መሆኑን ነገርኳቸው፤ በብስክሌት የሚጓዝ አንድ እንግዳ ቀምሶ በበርበሬው ዓይኑ እንባ አቀረረና፣ "ይህን በጾም ከበላችሁ በፋሲካ ምን ልትበሉ ነው?" ብሎ አሳቀን። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጠሙ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ በጨው የጮቄን ተራራ ከመርኩ፤ ጣናን በሳህን፣ ዓባይን በማንኪያ ጫፍ አሳየኋቸው። ጎጃምን ከቦ እንዴት እንደሚዞር፣ አፈሩን ከየት እንደሚያመጣ ተናገርኩ። ማንኪያ አስቀምጠው ያዳምጡኝ ነበር። ቆሜ እንደማወራ ያወቅኩት ሄልጋ ሲያቋርጡኝ ነው።

"አስተማሪ ነሽ?"

"እንጃ" አልኳቸው።

ቤት

ደብረ ማርቆስ የገባሁት አመሻሽ ላይ፣ በዝናብ ነው። እናቴ ቦርሳዬን በርብራ ሽሮውን አጣችው።

"ለማን አበላሽው?"

"ለግንብ ሙሉ ሰው።"

ፍርሃቱ ከእኔ ጋር ተመልሷል። እየፈራሁም መናገር እንደምችል ግን አይቻለሁ።

በማግሥቱ ጧት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሳይከፈት ደርሼ ጠበቅኳቸው። ገብተው እንደተቀመጡ ነገርኳቸው፤ ድምፄ ከአፌ ብዙም አልራቀም።

"ምን አልሽ? አልሰማሁሽም" አሉኝ።

"አስተምራለሁ" አልኩ ደግሜ፣ እንዲሰሙኝ አድርጌ።