ቁጥር አርባ አንድ ላይ ያለው ሰውዬ

ምሜ ማሊኔኦ ሌሶቶ ውስጥ፣ ማፌቴንግ ከተማ በንታቴ ፖካኔ ሱቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት ሠርተዋል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በአክብሮት ሲጠራ ሴቷ «ምሜ»፣ ወንዱ «ንታቴ» ይባላል፤ እናት፣ አባት እንደ ማለት ነው። እኔ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ባንኮኒው ጥግ ተቀምጠው የሚጻፈውን ሁሉ ይጽፋሉ። የዋጋ ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ «በሩን ሳብ» የሚለው ሳይቀር የእሳቸው እጅ ነው። ስሕተት አይወዱም። አንድ ፊደል ከተበላሸባቸው ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጀምራሉ።

አንድ ጊዜ በብርዱ ወራት ንታቴ ፖካኔ ከጆሃንስበርግ አርባ ካርቶን ቲቪ ጌም አስመጡ። ሽቦውን ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ መጫወት ነው፤ ካሴት አይፈልግም፣ ጨዋታዎቹ እዚያው ውስጡ ናቸው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «64» ይላል። ሲከፈት የሚመጣው ዝርዝር ግን ከላይ እስከ ታች በቻይንኛ ነበር።

«ሰው ምኑን አውቆ ይምረጥ?» አሉ ንታቴ ፖካኔ ራሳቸውን እያከኩ። «ምሜ፣ እርስዎ አንድ በአንድ ይዩና በቋንቋችን በሴሶቶ ስም ያውጡላቸው። አባዝተን ካርቶኑ ውስጥ እንከተዋለን።»

«እኔ? ንታቴ፣ እኔኮ የሬዲዮ ጣቢያ እንኳ መቀየር አላውቅም!»

«ማየትና መጻፍ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?»

አራት ቀን ፈጀባቸው። ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድንች በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያፈጣሉ።

«ቆይ፣ የቱ ነው እኔ?» ይሉኛል።

«ቀዩ።»

«ቀዩማ ሞተ።»

«እንግዲህ ሞቱ ማለት ነዋ፣ ምሜ።»

ሞቱም አልሞቱም ይጽፉ ነበር። «ታንኮች»፣ «የሚወድቁ ጡቦች»፣ «ዳክዬ አደን»። ቁጥር ዘጠኝ ላይ አንድ ሰውዬ አካፋ ይዞ መሬት እየቆፈረ ይወርዳል፤ «ሰውዬው ጉድጓድ ሲገባ» አሉት። ቁጥር አርባ አንድ ላይ ያው ሰውዬ ገና ከጅምሩ ጥልቅ ቦታ ቆሟል። ግራ ገባቸው፣ አሰቡ አሰቡና «ሰውዬው ከሥራ ሲመለስ» ብለው ጻፉ።

ጌሙ ተሸጠ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን አንዲት መምህርት ዝርዝሩን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገችው።

«‹መርከቧ ጠዋት›፣ ‹መርከቧ ማታ›፣ ‹የመርከቧ እኅት›፤ ምሜ፣ ሦስቱም አንድ መርከብ ናቸው! ቀለም ብቻ ነው የሚቀያይረው። ቆጥሬዋለሁ፣ ያለው አሥራ ስድስት ጨዋታ ነው!»

ምሜ ማሊኔኦ ማሽኑን ከፍተው አዩ። እውነቷን ነው። ለአንድ ፊደል ወረቀት የሚቀዱት ሴት አርባ ስምንት ጊዜ ተሳስተው፣ ስሕተታቸው በየሰው ቤት ገብቷል።

«ካርቶኑ ስድሳ አራት ይላል» አሉ ንታቴ ፖካኔ።

«ዓይኔ አሥራ ስድስት ይላል።»

«ታዲያ የቱን እንመን?»

ምሜ አዲስ ዝርዝር መጻፍ ጀመሩ።

በማግስቱ ንታቴ ራማይሳ ወደ ሱቁ ጎራ አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ወርቅ ሲቆፍሩ ኖረው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጌሙን መጀመሪያ ከገዙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ምሜ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ንታቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። ዘጠኝና አርባ አንድ አንድ ናቸው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«አንድ ናቸው?» ሽማግሌው ከልባቸው ተቀየሙ። «ምሜ፣ ጉድጓድ ወርደው ያውቃሉ?»

«የለም፣ ንታቴ።»

«ዘጠኝ ላይ ያለው ገና እየገባ ነው፤ ፈጠን ፈጠን ይላል። አርባ አንድ ላይ ያለው ውሎውን ጨርሷል። እግሩን ሲያነሣ አላዩትም? እኔማ ይህን የጻፈው ማዕድን ውስጥ የሠራ ሰው ነው ብዬ ለሁሉም ስናገር ነበር።»

«ግን እኮ አርባ አንድም ላይ የሚቆፍረው ወደ ታች ነው።»

«መውጫው ተንዶበት ይሆናላ! እኛም እንዲያ ሆነን እናውቃለን። ያኔ መውጣት በተገኘው በኩል ነው።»

ምሜ ወደ እኔ ዞሩ። ማሽኑን ከፈትነው። ዘጠኝን አየን፣ አርባ አንድን አየን፣ ተመልሰን ዘጠኝን አየን።

«አየሽው ሲጎተት?» አሉኝ ምሜ በሹክሹክታ።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም። በሦስተኛው ግን፣ እንጃ፣ ሰውዬው ትንሽ የዘገየ መሰለኝ። ንታቴ ራማይሳ ዱላቸውን ተደግፈው «ይኸው!» ይላሉ በየመሐሉ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ምሜ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከተደጋገሙት ጨዋታዎች አጠገብ «ይህ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው» እያሉ ወረዱና አርባ አንድ ላይ ብዕራቸው ቆመ። አራት ወረቀት ቀደዱ። በመጨረሻ ስሙን እንደነበረ ተዉት።

ንታቴ ፖካኔ ቆጠሩት። «አሥራ ሰባት? ትናንት አሥራ ስድስት አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አሥራ ሰባት ናቸው።»

«ነገስ?»

«እሱን ነገ ይጠይቁኝ።»

ንታቴ ፖካኔ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወረቀቱን ሊያባዙ ሄዱ። ለመምህርቷም አዲሱ ዝርዝር ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ስለ አርባ አንድ ልትጨቃጨቅ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ «እኔም አየሁት፤ እንጃ» ብላን ወጣች።

ንታቴ ራማይሳ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ከቀብር ስንመለስ ምሜ ማሊኔኦ «ልጠይቃቸው የምፈልገው ነገር ነበር» አሉኝ።

«ምን?»

«ሰውዬው በመጨረሻ ይወጣ እንደሆነ።»

ያ ጨዋታ ማለቂያ የለውም ሲባል ሰምቼ ነበር። ግን ያወራልኝ ሰው ስለ የትኛው ጨዋታ እንደነገረኝ እርግጠኛ አልነበርኩምና አልነገርኳቸውም።