እህቴ ነጠላውን እንዴት እንደለበሰችው

ዛሬ በፕራይድ፣ በእኛ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በዓል ባዛር ላይ ታላቅ እህቴ ድንኳናችን ድረስ መጣች። ከከተማው ዳር፣ ከምትነግድበት ከቴምቢሳ ሰፈር፣ በቅዳሜ ገበያ ሱቋን ዘግታ!

ከፍቅረኛዬ ከሂሩት ጋር እንደምኖር ከነገርኳት ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። ልንታረቅ ነው አልኩ በልቤ።

እኔና ሂሩት ጥለቱን በቀስተ ደመና ቀለም ጠልፈን ከምንሸጠው ነጠላ አንዱን አነሳሁ። "እትዬ፣ ላንቺ ነው" አልኳት።

ተቀበለችኝ። ከዚያ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰችው፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው።

"እርሜን ላወጣ ነው የመጣሁት" ብላኝ ሄደች።

ከኋላዋ የነበረች የማላውቃት፣ የለቅሶ አለባበሳችንን የማታውቅ የአገሩ ተወላጅ ደንበኛ፣ "ሲሲ፣ እህቴ፣ እንደሷ አልብሺኝ፣ ሲያምር!" አለችኝ። አለበስኳት። ፎቶም ተነሳች።

እናንተስ፣ በቁማችሁ የተለቀሰላችሁ ካላችሁ ከስር ጻፉልኝ። ለራሴ ለቅሶ ብቻዬን መቀመጥ አቃተኝ።