ከንክኪ ነፃ የተባለው ተራራ

ዳባት ውስጥ በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን ገበሬውን አሳመንኩ። ስብሰባው ላይ ሁሉም እጁን ሲያወጣ አንዲት አሮጊት ብቻ እጃቸውን አላወጡም። ባላቸውም ልጃቸውም የሞቱባቸው ናቸው። የቀሯቸው አንዲት ላምና አንዲት የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጅ ብቻ ነበሩ።

"እኔ ሌላ ግጦሽ የለኝም ልጄ፤ ላሜን የት ላቁማት?" አሉኝ።

"እማማ፣ ሣሩን እያጨዱ ይወስዳሉ። ለሁሉም ድርሻ አለው" አልኳቸው።

ማጭድ ይዞ ዳገት የሚወጣ ጉልበት እንደሌላቸው እያየሁ ነው ይህን ያልኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ ከፍ አደረጉ። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ" ብዬ ጻፍኩ።

ተራራው አላሳፈረኝም። መጀመሪያ ሣሩ ተነሣ፤ ቀጥሎ ክትክታውና ቀጋው፤ እያደርም ወይራውና ጽዱ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከደባርቅ ከመጣ ባልደረባዬ ጋር እዚያ ያሉትን ወፎች ልንመዘግብ ወጣን። ሦስት ጠዋት ተመላለስን። ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ ከፊታችን መንገድ አቋረጠች። ወይራው ላይ ዋኔዎች ነበሩ፤ ቀጋው ውስጥ ድምቢጦች። ስማቸውን የማናውቃቸውን "ሆዱ ቢጫ፣ ጭራው ረጅም" እያልን ጻፍን። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር እንጨት ሲመታ ሰማን። ግንደ ቆርቁር! ከደስታዬ ብዛት የባልደረባዬን ትከሻ ጨምድጄ ይዤ ቀረሁ።

ስመለስ ወደ እማማ ቤት ጎራ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ልክ ነበርክ እንዲሉኝ ፈልጌ ነው። ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ያየናቸውን ወፎች አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ግንደ ቆርቁር ስል ግን ብድግ አሉ።

"እሱን የሰማሁት በልጅነቴ ነው። ውሰደኝ።"

በማግስቱ ክንዴን ይዘው፣ እያረፍን ወጣን። ወፉም አላሳፈረንም። ወይራ ሥር ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዳመጡ፤ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ከዚያ ሣሩን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው "ይህን ጊዜ ላሜ ብትኖር" አሉ።

"መቼ ሸጧት?"

"ተራራውን በከለላችሁ በዓመቱ። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወስደን ሸጥናት። ወተቱ ሲቀር ልጅቱን ምን ላብላት? ጎንደር ሰው ቤት አስገባኋት።"

"አሁንስ?"

"መጀመሪያ መጀመሪያ በጎረቤት ስልክ ትደውል ነበር።"

በደጃፋቸው ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ልጅቱ የት ሄደች ብዬ አልጠየቅኩም።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እስኪከፈት ጠበቅኩና ጎንደር ወረድኩ። ከወፍጮ ቤት አጠገብ ነው ያሉኝን ቤት አገኘሁት። የቤቱ ባለቤት በሩን ገርበብ አድርጋ አነጋገረችኝ።

"ወጥታለች እኮ፤ ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። ወደ መተማ ከሚሄዱ ልጆች ጋር ሄደች አሉ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

የሰጠችኝን የልጅቱን ስልክ ቁጥር እዚያው ቆሜ ደወልኩ። አይሠራም። ልሄድ ስል ተመልሳ ገባችና በፌስታል የተጠቀለለ አረንጓዴ ሻሽ ይዛ ወጣች።

"ትመለሳለች ብዬ ነው ያስቀመጥኩት" አለችኝ።

እማማን ያገኘኋቸው ገብስ ማሳቸው ዳር ነው። ገብሱ አሽቷል፤ እሳቸው ወንጭፍ ጭናቸው ላይ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሰማሁትን ነገርኳቸውና ሻሹን ሰጠኋቸው። በአራት አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

"በደህና ነው የወጣችው አሉህ?"

"አዎ እማማ፣ በደህና።"

ማንም እንዲያ አላለኝም።

ወዲያው የወፍ መንጋ ከተራራው ወርዶ ገብሱ ላይ ሰፈረ። እማማ ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ።

"ድሮ እንዲህ አይበዙም ነበር" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ የለም። እኔ ግን ያን ቀን ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንጭፉን ከጭናቸው አነሣሁ። ወንጭፍ መወርወር አልችልበትም፤ ድንጋዩ የትም ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ማሳው መሀል ገብቼ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እጄን እያወናጨፍኩ በእነዚያ ወፎች ላይ ጮህኩ።