በቁልፉ ያላለፈው ሽቦ

ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር አንድ ተማሪ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በአንድ ሽቦ አገናኝቶ ልባሱን አቃጠለው፤ ያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ጠመኔዬን እንደያዝኩ በሐሳቤ ወደ ሰበታ፣ አባቴ ይሠራባት ወደነበረችው የቆርቆሮ ዳስ ተመለስኩ።

አባቴ ኦቦ ዳባ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ከማጠብ ጀምሮ ሙያውን በዓይኑ የለቀመ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ሽቦን ግን በጣቱ የሚያነብ ሰው ነበር። እኔንም በቅደም ተከተል አስተምሮኛል፦ ባትሪው ምንጭ ነው፤ ቁልፉ በር ነው፤ ሞተር ብስክሌት ላይ ትርፍ መብራት ስትቀጥል ከበሩ ወዲያ ቅዳ፣ በሩ ሲዘጋ ውሃው አብሮ እንዲቆም። እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ።

የከተማችን ብቸኛ ሞተር ብስክሌት የጤና ጣቢያው ቁስል አካሚ ድሬሰር፣ የአቶ ምትኩ ነበር። በተፍኪ መንገድ ተገልብጦ በሕይወት ስለተረፈ፣ መሪው ላይ ባሰረው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ፊት ትንሽ ቀይ አምፖል ሊያበራ ተስሎ መጣ። አባቴ በደንቡ ከቁልፉ ወዲያ ቀጠለለት። በሦስተኛው ቀን አቶ ምትኩ ተቆጥቶ ተመለሰ።

«ዳባ፣ ቁልፉን ባጠፋሁ ቁጥር መልአኩን ጨለማ ውስጥ ልተወው? የተሳልኩት የማይጠፋ መብራት ነው።»

«ጌታዬ፣ ባትሪው ይሞትብዎታል። እሱ ከሞተ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳት አያገኝም፤ ሞተሩም አይነሳም።»

«ከመልአኩ ጋር አትከራከር። በቀጥታ ከባትሪው ቀጥለው።»

አባቴ ቀጠለው፤ ብሎን መፍቻውን፣ ካቻቢቴውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ለጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ሊመጣ ነበር፤ የሚጠብቀውን ሰው የሚያስቀጥረውም አቶ ምትኩ ነበር። ያ ሥራ ከተገኘ እኔን ሁለተኛ ደረጃ እንደሚያስገባኝ አባቴ ለእናቴ ቃል ገብቶ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከዋዜማው ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቆመውን ሞተር አቶ ምትኩ ከንግሡ ወጥቶ ቢረግጠው፣ ቢረግጠው፣ እምቢ አለ። አምፖሉም እንደ ከሰለ ፍም ጠቁሯል። ጠላ ሻጯ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እያጣፉ «ሚካኤልስ ክንፍ አለው፤ ድሬሰራችን በምን ሊሄዱ ነው?» ሲሉ ሕዝቡ ሳቀ። ለዚያ ሳቅ ወዲያው ሌላ ባለቤት መፈለግ ግድ ሆነ፤ አባቴ ተጠራ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ።

«ምን አደረግክብኝ?» አለው አቶ ምትኩ። አባቴ ጎንበስ ብሎ የባትሪውን ሽቦ ነካካ። ያን ጊዜ ድሬሰሩ እኔን አየኝ። «አንተ ጎበዝ ተማሪ ነህ አሉ። እስቲ ለሕዝቡ አስረዳ።»

አባቴ ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ከእኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጠብቅ ነበር።

ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ምንጩን አስረዳሁ፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ መብራቱ ከየት መቀዳት እንዳለበት። «አባቴ ግን ከበሩ ወዲህ፣ ከራሱ ከምንጩ ቀዳው። ባትሪው የሞተው ለዚህ ነው» ብዬ ጨረስኩ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ማን እንዳዘዘው አልተጠየቅኩም፤ የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

አጨበጨቡልኝ። «ኦቦ ዳባ፣ ከልጅዎ ይማሩ እንጂ» አሉ እትዬ ብርቄ። አቶ ምትኩ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አባቴ ዳገቱን እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ገፋው። ልጆች «ድድድድ» እያሉ ከኋላው ተከተሉት። ከድምፆቹ አንዱ የእኔ ነበር።

ለጄኔሬተሩ ሌላ ሰው ተቀጠረ። እኔን ግን አቶ ምትኩ «ይህ ልጅ አእምሮ አለው» ብሎ ደብዳቤ ጽፎ፣ ጫማ ገዝቶ ሁለተኛ ደረጃ አስገባኝ፤ መምህርነቴ ከዚያ ድንጋይ ይጀምራል። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ከዚያ በኋላ ሽቦ ሲቀጥል ጀርባውን ይሰጠኝ ጀመር፤ የምጠይቀውንም ሁሉ «አንተ ተምረሃል፣ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ይዘጋው ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ዳሷ ፈርሳለች፤ ጣቶቹ የሚያውቁትን የቀረውን ነገር አሁን የሚነግረኝ የለም።

ጭሱ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ ባትሪውን፣ ቁልፉን፣ አምፖሉን በየተራቸው ሣልኩ፤ «የሰው ሞተር ላይ መብራት ስትቀጥሉ ከቁልፉ ወዲያ ቅዱ» አልኳቸው፤ ልጆቹ ገለበጡ። ከፊት የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ባለቤቱ በግድ ከባትሪው ቀጥል ቢልስ?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት።