አክስቴ «እርስዎ» ስትል

አክስቴ የናቀችውን ሰው በዕድሜ ቢያንሳትም «እርስዎ» ትለው ነበር።

ደብረ ማርቆስ በምትሠራበት ትንሽ ቤተ ሙከራ፣ ከብዙ ፕሮቲኖች የተገጣጠመች ቅንጣት ከሰው ሴል ውስጥ ለይታ እያወጣች አሠራሯን ታጠና ነበር። ቅንጣቷ ከቅዝቃዜ ከወጣች ትፈራርሳለች። አንድ ቀን ወጣቱ አለቃዋ የእንግዶች ለስላሳ ላቀዝቅዝ ብሎ ናሙናዎቿን ከፍሪጅ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተዋቸው። የወራት ድካሟ ተበላሸ።

አልጮኸችም። «ይጠጡ፤ የእርስዎ ጥማት ከለስላሳ አያልፍም» ብላው ሥራዋን እንደ አዲስ ጀመረች።

በቀብሯ ዕለት ያው ሰውዬ «የሳይንስ ፋናችን ነበረች» እያለ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያም ወደ እኔ ቀርቦ «ለመሆኑ የምታጠናው ምን ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«እርስዎን የማይጠማዎት ነገር ነው» አልኩት።

ይህን ሰምታ ከልቧ የምትስቅልኝ እሷ ብቻ ነበረች። ዞር ስል አፈር እያለበሷት ነበር።