ኣደይ ለምለም የነገሩኝ ዋጋ

ባለፈው ሐሙስ መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ምስር ክክና ሳሙና አነሳሁ። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋና ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ የነገረችኝ አልተገናኙም። ልጅቷ ቀና ሳትል፣ ዘይቱ ዛሬ ጠዋት ጨምሯል፣ ወረቀቱን ገና አልቀየርነውም አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከር ነበር። እኔ ተከራካሪ ሴት ነኝ፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአንቺ ጋር ገበያ ከመውጣት ጦሜን ባድር ይሻለኛል ይለኝ ነበር። አሁን ግን ደከመኝ። ባንክ ተዘግቶ፣ ዱቄት በሰው በሰው የሚፈለግበትን ያን ጊዜ ካለፍን ወዲህ፣ ዋጋ ጨመረ ሲሉኝ ዝናብ መጣ እንዳሉኝ ነው የምሰማው። ከፍዬ ዞር አልኩ።

ከኋላዬ የነበረው ጎልማሳ ገና አልደከመውም። ሰው ሁሉ እየሰማ ልጅቷን ሌቦች ናችሁ አላት። እሷ ዕቃውን ፌስታል ውስጥ መክተቷን ቀጠለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ፤ አንድ ጊዜ እኔም ሰው የተሞላ ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ያልኩት ሰው ነበርና።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን መቀሌ የመጣሁት የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነው። ያን ጊዜ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ደሴ አድረን፣ በማግስቱ ከአላማጣ በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ እስኪያዞረኝ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አሁን አላውቅም። ደብረ ብርሃንም ቢሆን ከብርድ በቀር የተውኩት ነገር አልነበረኝም። እናቴና አራት ታናናሾቼ ግን እዚያው ነበሩ፤ ከደመወዜ ግማሹ በየወሩ ወደ እነሱ ይሄዳል። የቀረው ከኪራይ ተርፎ እስከ ወሩ ሃያ ያደርሰኛል። ከሃያ በኋላ ያለውን በሻይና በዳቦ እየገፋሁ፣ በልተሻል ወይ ለሚለኝ ሁሉ በልቻለሁ እላለሁ። ድሃ መሆኔን ሰው እንዳያውቅብኝ የማደርገው ጥንቃቄ ከድህነቱ የባሰ አድካሚ ነበር።

የተከራየሁት ኣደይ ለምለም ግቢ ነው። ኣደይ በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ክፍል አከራይተው በዚያችው የሚኖሩ፣ ቀጭን ረጅም ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ወጥ ይልኩልኝ ነበር። በልቻለሁ ብዬ እመልሳለሁ። ሁለቴ ሦስቴ መለስኩ፤ ከዚያ ተውት።

ከግቢያችን በር ወጣ ሲሉ የኣያ ሓጎስ ሱቅ አለ። ኣያ ማለት ጋሼ እንደማለት ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ግድም የሚሆናቸው፣ ወፍራም፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ አንተ ነበር የምላቸው፤ አንቱታው የመጣልኝ ዘግይቶ ነው። ዘይት ከበርሜል እየቀዱ በኩባያ ይሰፍራሉ፤ ስኳሩን በአሮጌ ደብተር ወረቀት ይጠቀልላሉ። አንድ ቀን እኔው በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩት የተማሪ ድርሰት ስኳር ተጠቅልሎበት ደረሰኝ። ዋጋ የተጻፈበት ነገር በሱቁ ውስጥ አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ ብሩን ያስቀምጣል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ይሄዳል። እኔ ብቻ ነኝ ስንት ነው የምለው። ኣያ ሓጎስም ትንሽ ጣሪያ ጣሪያውን አይተው ይነግሩኛል።

ያ ጣሪያ ማየት ጥርጣሬ ውስጥ ከተተኝ። አብሮኝ የሚያስተምር ታደሰ የሚባል የጎጃም ሰው ደግሞ ነገሩን አጋጋለብኝ። አማርኛችንን ሲሰሙ ዋጋ ይጨምሩብናል ይላል ሁልጊዜ። ታደሰ ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብሎም ሤራ የሚያይ ሰው እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ሆድ ሲጎድል ጆሮ ይሰፋል መሰለኝ፣ አመንኩት። ልፈትናቸው ወሰንኩ። ምክንያቱን ሳልናገር ለኣደይ ለምለም ጠርሙስና ብር ሰጥቼ፣ ሱቅ ሲሄዱ ለእኔም አንድ ሊትር ዘይት እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው።

አመጡ። ስንት አሉዎት ስላቸው መልሱን መዳፌ ላይ አኖሩልኝና ስምንት ብር አሉኝ። ከሳምንት በፊት ለእኔ አስር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ሙሉ ሱቅ የሚሄዱልኝ ኣደይ ለምለም ሆኑ። ዘይቱም ምስሩም መኮሮኒውም እሳቸው ሲገዙት ይረክሳል። ወሩ ሃያ ላይ መቆሙ ቀረ፤ ሃያ አምስት ደረሰ። እኔ ግን ከመጥገቤ ይልቅ ንዴቴ በለጠ። ኣያ ሓጎስን ሰላም ማለት ተውኩ። በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ታሪኩን እያሳመርኩ አወራሁት፤ በዚያ ሰፈር የሚኖሩ ከመሀል አገር የመጡ አስተማሪዎች ሁሉ እሳቸው ዘንድ መግዛት አቆሙ። ታደሰ እጄን ጨበጠኝ።

ክረምት ሆነ። የአገሬ መንገድ ገንዘብ ስለሚፈልግ አልሄድኩም። በለስ የወጣበት ወቅት ነበር፤ ሴቶች በሳፋ ይዘው በየጥጉ ይቀመጣሉ፣ በቢላ ልጠው ሲሰጡ እሾሁ የማይወጋቸው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ፍልሰታ ሲገባ ኣደይ ለምለም ሱባኤ ያዙ፤ ነጠላቸውንና ጥቂት ቆሎ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ገቡ። የሚላክልኝ ሰው ስላልነበረ ጠርሙሴን ይዤ ራሴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጾም ስለሆነ ዘይትና ምስር ፈላጊው ሱቁን ሞልቶታል። ተራዬ ደርሶ ስንት ነው አልኩ። ኣያ ሓጎስ ጣሪያ ጣሪያውን አይተው አስር አሉ።

"ለኣደይ ለምለም ስምንት፣ ለእኔ አስር?" አልኩ፤ ድምፄ ደጅ ድረስ ይሰማል። "ሦስት ወር ሙሉ በስምንት ስትሸጥላቸው ነበር። ይኼ ሌብነት አይደለም?"

ኩባያውን እንደያዙ ቆሙ። ከአጠገቤ ምስር ይዛ የቆመች ኣልጋነሽ የምትባል ጎረቤት ወደ እሳቸው ዞራ፣ ለእኛም እኮ አስር ነው የምትሸጥልን አለቻቸው። እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። ለእኔ ብቻ የተጨመረ ከሆነ እሷ እንዴት አስር ትከፍላለች? ግን የሚያናድደኝን እንጂ የሚያሳስበኝን የምሰማበት ሰዓት አልነበረም። ኣያ ሓጎስ እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

"ልክ ነሽ ጓለይ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ጥፋቱ የኔ ነው። ስምንት ነው።"

በስምንት ቀዱልኝ። ከእኔ ቀጥሎ ያሉትም በስምንት ካልሆነ አሉ፤ ለእነሱም ቀዱ። ኣልጋነሽ ምስሩን መልሳ ምንም ሳትገዛ ወጣች። በኋላ እንደሰማሁት በርሜሉ እስኪያልቅ በስምንት ሸጡ። ባለ ሱቅ ዘይቱ ቢደፋበት ሌላ ይገዛል፤ በአንድ ሰፈር ስሙ ከተደፋ ግን የሚቀዳበት ቦታ የለም። እኔ ያን ቀን የሠራሁትን የምስር ወጥ ደስ እያለኝ በላሁ። እንዴት ጣፍጦኝ እንደነበር ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ።

ጾሙ ሲፈታ ኣደይ ለምለም ተመለሱ። የኣሸንዳ ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ በደጃችን ያልፋሉ። ኣደይ ወሬውን ከበር ጀምሮ ሰምተው ነበርና ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ክፍሌ ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ጓለይ፣ ሓጎስ ኣልሰረቀሽም" አሉኝ። "ሁለቱ ብር ከኔ ነበር።"

እያቆራረጡ ነገሩኝ፤ አማርኛቸው ከእኔ ትግርኛ ይሻል ነበር፣ ያም ቢሆን መሀል ላይ ቃሉ ይጠፋባቸዋል። ወጡን ስመልስባቸው አዝነው ነበር። በወሩ መጨረሻ ከክፍሌ የምግብ ሽታ እንደማይወጣ አይተዋል። ዘይት እንዲገዙልኝ ስለምናቸው መንገድ ያገኙ መሰላቸው፤ ከራሳቸው እየጨመሩ ረከሰ ይሉኛል። ምስሩም መኮሮኒውም እንደዚያው ነበር። እኔ የምከፍላቸውን ኪራይ መልሰው ለእኔው ሲያበሉኝ ነው የከረሙት። እንደሱ እንደምትናገሪ ባውቅ ኖሮ ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። ይቆጡኛል ብዬ ብጠብቅም አልተቆጡም፤ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው፣ በእሳቸው ውሸት ሰው የተዋረደ መስሏቸው።

በማግስቱ ኣያ ሓጎስ ዘንድ ሄድኩ። የሄድኩበትን ሰዓት አልረሳውም፤ ቀትር ላይ፣ ሱቁ ውስጥ ማንም እንደማይኖር አውቄ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩ። ከሳጥኑ ላይ ተነሡ፣ እንድቀመጥ በርጩማ አቀረቡልኝ። ያን ጊዜ ለምን እውነቱን አልተናገርክም አልኳቸው።

"ሰው በተሰበሰበበት?" አሉ። "እሷ ደብቃ ያበላችሽን እኔ ገልጬ ላዋርድሽ?"

ለሰዎቹ ልንገራቸው ወይ ስል ጠየቅኩ። ይህን ስጠይቅ አይሆንም እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት።

"እሱን ኣንቺ ታውቂያለሽ" አሉኝ።

አላደረግሁትም። ልናገር ብል፣ አከራዬ ከኪሳቸው እየጨመሩ ሲያበሉኝ ነበር፣ ተርቤ ነበር ማለት ሊሆንብኝ ነው። ለአስተማሪ ያ ሞት መሰለኝ። ትምህርት ሲከፈት ለታደሰና ለሌሎቹ፣ ሳልሳሳት አልቀረሁም መሰለኝ ብዬ አጉተመተምኩ። ስከስ ድምፄ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ክሱን ሳነሣ ግን አጠገቤ ያለው እንኳ አልሰማኝም። ታደሰም፣ አንቺ ደግሞ ሆድሽ ገር ነው ብሎ አለፈው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምር ነበር፤ ትርጉሙን ጽፉ እያልኩ።

ኣያ ሓጎስ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሱቁን ለሌላ ሰው ለቀው ከከተማው አጠገብ ወዳለችው ቁሓ ሄዱ። በእኔ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ ፊት ለፊታቸው ሌላ ሱቅ ተከፍቶ ነበር፣ ወገባቸውንም ያማቸው ነበር። ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዋጋ ሳይጠይቅ ብሩን የሚያስቀምጥ ሰው ሱቃቸው ውስጥ አላየሁም። ሁሉም ስንት ነው ይላል፤ ሲነግሩትም ፊታቸውን ያያል። ኣደይ ለምለም እስኪሞቱ በሰፈሩ ሌላ ሱቅ አልረገጡም፤ ኣያ ሓጎስ ከሄዱ በኋላ እንኳ ከተማው መሀል እየሄዱ ይገዙ ነበር።

እኔ እዚሁ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ለለቅሶ ወደዚያ ሰፈር ሄጄ ድንኳን ውስጥ ከኣልጋነሽ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፀጉራችን ሁለታችንም ነጭ ሆኗል። ወሬው እንደ ዘንድሮው ወሬ ሁሉ ወደ ኑሮ ውድነት ሄደ። ኣልጋነሽ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና፣ ድሮም ሌቦች ነበሩ እኮ፣ ኣያ ሓጎስን ረሳሽው እንዴ አለችኝ።

"ኣንቺ እኮ ነሽ ያጋለጥሽልን" አለች፤ ልታመሰግነኝ ብላ ነው።

ኣያ ሓጎስ ከሞቱ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሳቸው ስም እኔ ያን ቅዳሜ በጣልኩበት ቦታ እንዳለ ነው። እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት።

"ታድያ ያኔ ለምን ዝም ኣልሽ?" አለችኝ።

አፍሬ ነው አልኳት።

"እሱስ ኣላፈረም?" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ለመጻፍ ሳስብ ከረምኩ። ስቀመጥ ይደክመኛል፣ ለማን ነው የምጽፈው እላለሁ፤ ከዚያ ሱቅ ሰዎች ከኣልጋነሽና ከእኔ በቀር የቀረ መኖሩንም አላውቅም። ልጆቻቸው ግን ይኖራሉ፣ ወሬውም ከእናቶቻቸው ደርሷቸው ይሆናል። ስለዚህ ለሚያነብ ሁሉ፦ ሦስት ወር ያበሉኝ ኣደይ ለምለም ናቸው። ኣያ ሓጎስ ከማንም ላይ ሳንቲም አልወሰዱም። ዘይቱ ለሁላችንም አስር ብር ነበር።